ድንጋዮቹ የተሰለፉበት እሑድ

መቀሌ ገብቼ የፈጸምኩት የመጀመሪያ ወንጀል ውሃ መቅዳት ነው። በዝውውር ከደብረ ብርሃን መጥቼ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከተመደብኩ ገና አራተኛ ቀኔ ነበር። ከተከራየሁበት ግቢ ጀሪካኔን ይዤ ወደ ሰፈሩ ቦኖ ስወርድ ቧንቧው አጠገብ ሰው የለም። ከቧንቧው ጀምሮ እስከ መንገዱ ዳር ድረስ ድንጋይ፣ ያረጀ ጀሪካን፣ የተቀደደ ጫማ፣ እጀታው የወለቀ ድስት ተደርድሯል። ቆሻሻውን እንኳ በመስመር የሚጥል ሥርዓት ያለው ሰፈር ነው ብዬ አደነቅሁና ቀጥ ብዬ ሄጄ ቀዳሁ።

ማዶ ከግንቡ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሴቶች ዝም ብለው ያዩኛል። ጀሪካኔ ሲሞላ ከመሃላቸው አንዲት ጠና ያሉ ሴት ቀስ ብለው ተነሡ፤ አከራዬ ናቸው። ጀሪካኑን ከእጄ ሲቀበሉኝ ሊያግዙኝ መስሎኝ እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ወስደው ከመስመሩ ፊት በነበረው አሮጌ ጀሪካን ውስጥ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጡት። ባዶውን ደግሞ መንገዱ ዳር ወስደው ከተቀደደው ጫማ ኋላ አቆሙልኝ።

«ጓለይ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ይሄ ድንጋይ እንዳይመስልሽ። ሰው ነው።»

በዚያ ሰፈር ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ አይንቃቃም። ድንጋዩን ወይም ያገኘውን እቃ በተራው ያስቀምጥና ጥላ ሥር ገብቶ ያወጋል። ሰልፉ ሲጠጋ ከኋላ ያለው ሰው የፊተኛውን ድንጋይ በእግሩ ገፋ ያደርግለታል። ባለቤቱ ገበያ ደርሶ ቢመጣም ድንጋዩ እንደቆመ ይጠብቀዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ የሃያ ሰው ተራ ረግጬ አልፌ ነበር።

ለሳምንት ያህል አከራዬን አኮረፍኳቸው። እኔ ሳኮርፍ በእቃ ነው የማኮርፈው፤ ብርጭቆ ሳስቀምጥ ግቢው ሁሉ ይሰማል። እሳቸው እንዳልሰሙ ሆነው ሰነበቱና በስምንተኛው ቀን ከጓሯቸው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥተው ሰጡኝ። «ይሄ ያንቺ ይሁን። አይንከባለልም» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አደይ እያልኩ መጥራት ጀመርኩ፤ እናቴ ማለት ነው።

የአደይ ባል ሞተዋል። ግንበኛ ነበሩ። ቤቱን ድንጋዩን ጠርበው፣ ቆርቆሮውን መትተው ብቻቸውን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጣሪያውን የጨረሱ ዕለት ከላይ ሆነው «ከዚህ የቀና ጣሪያ በመቀሌ የለም፤ መስመሩ በክር የተሰመረ ነው» ብለው አወጁ አሉ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ስለዚያ ጣሪያ ሲያወሩ ኖሩ። ችግሩ ማንም አላየውም። ጣሪያው ዝቅ ብሎ የተኛ ነው፤ ግንቡ ደግሞ ከጠርዙ ከፍ ብሎ ዞሮበታል። ከግቢ ሆነው አንገትዎ እስኪቀጭ ቢያንጋጥጡም አንዲት ቆርቆሮ አይታይዎትም። መሰላል ለሴት አይሆንም ብለው አደይን አንድም ቀን አላስወጧቸውም።

«ነፍሱን ይማረውና ዋሾ ነበር» ይሉኝ ነበር አደይ። «ዓሣ እወዳለሁ ብሎ ለሰው ሁሉ ያወራል። ዓሣ ቀምሶ አያውቅም። እንግዲህ ጣሪያውም እንደ ዓሣው ከሆነ ማን ያውቃል?»

ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ ከጥቂት ዓመት በኋላ እቃቸውን ሲሸክፉ ነው። ብቻቸውን መኖር ከበዳቸውና ማይጨው ያለችው ልጃቸው ልትወስዳቸው ቆረጠች፤ ጉዞው ሰኞ ማለዳ ነው። አንድ ማታ ብርድ ልብስ ሲያጥፉ ቆም አሉና «አርባ ዓመት ከሥሩ ተኝቼ፣ እውነቱን ይሁን ውሸቱን ሳላየው ልሄድ ነው» አሉ። እንግዲያው እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ እንውጣና ይዩት አልኳቸው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ያበጠ ጉልበታቸውን አሳዩኝ። «ይሄ ነው እንዳ ኢየሱስ የሚወጣው?»

መፍትሔው ራሱ መጣ። በዚያው ሰሞን ከሰፈራችን በማይርቅ አንድ መናፈሻ ውስጥ ሰው አስቀምጦ ወደ ላይ የሚያዞር ትልቅ ጎማ ተተክሎ ነበር። ስምንት ወንበር አለው፤ በአንዱ ወንበር ሁለት ሰው ይቀመጣል። ጫፍ ሲደርስ ከዛፎቹ በላይ ስለሚያልፍ የሰፈራችን ጣሪያ ሁሉ ይታያል ብለው የወጡት ያወራሉ። አደይ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥለው ለልጃቸው እንዳልነግር አስማሉኝ። «አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ» አሉ። «ከላይ ሲያዩት ቤት ሁሉ አንድ ነው የሚሆነው። የቱ የእኛ እንደሆነ በጣትሽ ታሳይኛለሽ።»

የመጨረሻው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ትኬት ቆርጠን ስንገባ ከጎማው መግቢያ ጀምሮ የሰፈራችን ሰልፍ ተደርድሮ ጠበቀን፤ ድንጋይ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጃንጥላ፣ የልጅ ኮፍያ። ባለቤቶቹ ዛፍ ሥር ሱፍ ይፈለፍላሉ። የቦኖ ድንጋዬን በቦርሳዬ ይዤ ስለነበር አውጥቼ ከመጨረሻው ኋላ አኖርኩ። ከፊታችን ያለው ሰው ሁለት ዙር ቢፈጅ ነው። መናፈሻው የሚዘጋው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነ ጊዜ አለን ብለን እኛም ጥላ ሥር ገባን።

ያን ጊዜ አውቶቡሱ መጣ። ከመሃል አገር ወደ አክሱም የሚያልፉ ጎብኚዎች ናቸው፤ አርባ ይሆናሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። መሪያቸው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ በፊሽካው የሚተነፍስ የሚመስል ሰው ነው። እየነፋ እየመራ አመጣቸውና የጎማው መግቢያ ላይ ሲደርስ ድንጋዮቹን አየ። በጫማው ጫፍ ወደ ጎን ጠረጋቸው። ጃንጥላው ተንከባለለ። የእኔ ድንጋይ አልተንከባለለም፤ ሁለት ጊዜ ረገጠው።

«ሰልፍ የለም፤ ግቡ፣ ግቡ» አለ።

ሄድኩበት። «ወንድሜ፣ ሰልፍ አለ።»

«የታለ?»

«ይሄው» ብዬ ድንጋዬን አሳየሁት።

ድንጋዩን አየ፤ እኔን አየ፤ ዞሮ ሰዎቹን አየ። «ድንጋዩ ትኬት ቆርጧል?» አለ። አርባውም ሳቁ። እኔን ያበገነኝ መሳቃቸው አይደለም፤ አባባሉ ጥሩ መሆኑ ነው። እኔው ልለው የምችለው ነገር ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት እኔም ቦኖው ላይ ያደረግሁት ይህንኑ እንደነበር ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ሰው ሲናደድ የራሱ ጥፋት ትዝ አይለውም።

የጎማው ሠራተኛ ገር ሰው ነው። «እንግዶች ናቸው፣ ምን ላድርግ» ብሎ አሥራ ስድስቱን አሳፍሮ ማዞር ጀመረ። የቀሩት የመግቢያውን አጥር ይዘው ቆሙ። እነሱ እስኪያልቁ ሌላ ሁለት ዙር ነው፤ ከዚያ ጥላ ሥር ያሉት፤ እኛ እስኪደርሰን መናፈሻው ተዘግቷል። አደይ ነጠላቸውን አጣፉና ቀና ብለው ፀሐይዋ የት እንደደረሰች አዩ። «ደሓን፣ ግድ የለም፣ እንግዳ ናቸው» አሉኝ። ያቺን ቀና ብሎ ማየት ግን አልቻልኳትም። ነገ በዚህ ሰዓት ማይጨው ናቸው።

መዝገብ ቤት ሠርታችሁ ካወቃችሁ አንድ ነገር ትማራላችሁ። ሰው ሰልፍ ካየ ምን እንደሚሰጥ ሳይጠይቅ ይሰለፋል። ሰልፍ የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ምን እንደሚሰጥ ሳይጠይቅ ይቀድማል። እኔ በመስኮቴ በኩል ስንቱን ዐይን አውጣ የማይፈልገውን ፎርም ተጋፍቶ ሲወስድ አይቻለሁ። እናም ዞር ዞር ብዬ መናፈሻውን ቃኘሁ። ከጎማው ጀርባ ራቅ ብሎ በሩ የተቆለፈ የቆርቆሮ ቤት አለ።

ዛፍ ሥር ከነበሩት መጀመሪያ የነገርኩት ከወሎ መጥቶ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ለሚሸጠው ጎረቤታችን ነው፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጥቶ ነበር። ሐሳቤን እስከ መጨረሻው አላስጨረሰኝም። ተነሥቶ ሱሪውን አራግፎ፣ ትኬቱን እንደ ትልቅ ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ፣ የተቆለፈው በር ፊት እንደ ችሎት ቀጠሮ ሰው ኮስተር ብሎ ቆመ። ሚስቱና ልጆቹ ተከተሉት። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ፣ እየተቻኮሉ፣ «ቦታዬን ያዙልኝ» እየተባባሉ መጡ። በድንጋይ ሳይሆን በሰውነታችን ተሰለፍን። እኔ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። አደይ ብቻ «አበድሽ እንዴ» በሚል ዐይን እያዩኝ ከዛፉ ሥር ቀሩ።

ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። አንዲት ነጭ ኮፍያ ዞረች፤ ቀጥሎ ሌላ። አንድ ወጣት መጥቶ ምን እንዳለ ጠየቀኝ።

«እኛም አልነገሩንም» አልኩት። «ብቻ ቶሎ ያልቃል ይባላል።»

አንድም ውሸት አልተናገርኩም፤ እስከ ዛሬ የምኮራበት ነገር ነው። ወጣቱ ወደ መሪው ሮጠ፤ ፊሽካው ተነፋ። የጎማውን አጥር ይዘው የነበሩት ሁሉ ለቀው መጡና በእኛ ጎን አልፈው፣ ልክ እንደገመትኩት፣ ከጨርቅ ነጋዴው ፊት በሩ ላይ ተለጠፉ። «እኛ መንገደኞች ነን፣ ቸኩለናል» አለ መሪው። ነጋዴው አንገቱን ሰብሮ «ምን ይደረግ፣ እለፉ» አለው። እንደዚያ ያለ ትዕግሥት ፊቱ ላይ አይቼ አላውቅም። ጎማው ላይ ያሉትም ከላይ ሆነው አይተዋል። «ለእኛም ያዙልን» እያሉ ይጮኻሉ፤ ሲወርዱም ሮጠው ከበሩ ተደባለቁ።

ከእነሱ መሃል ግን አንዲት አሮጊት ወደፊት አልሄዱም። ኮፍያውን ከሻሻቸው በላይ ደፍተዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ኋላ መጡና «ልጄ፣ የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

«እንግዲያውስ ከአንቺ ኋላ ነኝ» ብለው ቆሙ።

ከዚያ በኋላ ሥራችን መሹለክ ነበር። ነጋዴው ልጁን ሽንት ቤት ሊወስድ ወጣ። ሚስቱ ባሏን ልትፈልግ ሄደች። አንዱ ስልክ ልደውል አለ። እኔም ነጠላዬን እያስተካከልኩ ቀስ ብዬ ወጣሁ። አሮጊቷን ፈጽሜ ረሳኋቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያን ጊዜ ያፈሰስኩትን አላየሁትም።

ጎማው ጋ ስንመለስ ድንጋዮቹ ተበታትነው ነበር። ማን ከማን ይቀድም ነበር የሚለው ጠብ ሊያስነሣ ሲል አደይ ገቡበት። የማንም ድንጋይ አልጠፋቸውም፤ «ይሄ ያንተ፣ ጃንጥላው ከሱ ኋላ፣ ኮፍያው የሷ፣ አንተ ደግሞ ከጫማው በኋላ ነበርክ» እያሉ በመቋሚያው ማኅሌት እንደሚመራ መሪጌታ አሰለፏቸው። ራሳችንንም መጨረሻ ላይ አደረጉን። ወደፊት ብንል ማንም አይቃወመንም ነበር፤ እሳቸው ግን አልሞከሩም። አንድ ዙር ሄደ። ለመጨረሻው ዙር ሰው መሳፈር ሲጀምር አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። የቀረችው የእኛ ወንበር ናት።

በዚህ መሃል መሪው ዘበኛ አስጠርቶ የቆርቆሮውን ቤት አስከፍቷል። ውስጡ ሁለት አካፋና አንድ የተጠቀለለ ሸራ ነበር። ኮፍያዎቹ እያጉረመረሙ ወደ ጎማው ሲመለሱ ሠራተኛው በዚህ ጊዜ ልብ አግኝቶ «ሰልፍ አለ» አላቸው፣ ወደ መሬት እያሳየ። መሪው ድንጋዬን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ዞር ብሎ በጥንቃቄ አለፈውና ኮፍያውን አውልቆ ከኋላው መሬት ላይ አኖረ። ሳቄ መጣ፤ ነገሩ ሁሉ እንደ ፈለግሁት ሆኖልኛል።

ወንበራችን ወርዶ ልንሳፈር ስንል ከኋላዬ ከዘራ ሰማሁ። አሮጊቷ ናቸው፤ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

«ልጄ፣ የት ጠፋሽ?» አሉኝ። «ትመለሻለሽ ብዬ ቦታሽን ጠብቄልሽ ነበር። አንዱ ወጠምሻ ሊገባበት ሲል የልጅቷ ነው ብዬ ከለከልኩት። ኋላ ሲከፍቱት አካፋ ብቻ ነው። አይዞሽ፣ ምንም አላመለጠሽም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አደይ እኔን አዩ፤ አሮጊቷን አዩ። «የምን ቦታ ነው?» አሉኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቦታ የጠበቀልሽን ሰው መሬት ላይ ትተሽ ልትወጪ ነው?» አሉ።

«አደይ፣ ጣሪያውን ማን ያሳይዎታል?»

«እሷም ዐይን አላት» አሉና አሮጊቷን በእጃቸው ይዘው ወደ ወንበሩ ገቡ። ሠራተኛው ብረቱን ዘጋባቸው።

ከታች ቆሜ አየኋቸው። ሁለት ነጠላና አንድ ኮፍያ ወደ ላይ ሄዱ፤ ዛፎቹን አለፉ፤ ትንሽ ሆኑ። ያቺን ወንበር ሳምንቱን ሙሉ ሳስባት ነበር። ለአደይ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ነው የፈለግኋት፤ ጣቴን ዘርግቼ «ያውና» ልላቸው፣ ሲስቁ ወይም ሲረግሙ ከጎናቸው ልሰማ። በገዛ ተንኮሌ ነው ያጣኋት። እንባዬ መጣ፤ ከጎኔ የቆመው ባለ ፊሽካው እንዳያይብኝ ፊቴን አዞርኩ።

ሲወርዱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነበሩ። አሮጊቷ ተሳስመው ወደ አውቶቡሳቸው ሄዱ። አደይ እግራቸው መሬቱን እስኪያምነው ድረስ ክንዴን ይዘው ቆሙ።

«አዩት?» አልኳቸው።

«እኔማ እንደተነሣን ዐይኔን ጨፍኜ እስክወርድ አልከፈትኩም። ነፍሴ ወጥታ ነበር። እሷ ናት ያየችልኝ።» ፊታቸው በራ። «ቀጥ ያለ ነው አለችኝ፤ በክር የተሰመረ ነው አለችኝ። እኔ ምንም ሳልላት ክር አለች፣ ትሰሚያለሽ?»

«የቱን ነው ያየችው?»

«ሰማያዊ ታንከር ያለበትን፣ ከበሩ ፊት ትልቅ መኪና የቆመበትን።»

የእኛ ቤት ታንከር የለውም። ከበራችን ፊት መኪና ቆሞ አያውቅም፤ መንገዱ አህያ እንኳ በጎን ነው የምታልፈው። አደይ ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ።

«አዎ፣ የእኛ ነው» አልኳቸው።

ሰኞ ማለዳ መናኸሪያ ስሸኛቸው ለልጃቸውም፣ ለረዳቱም፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ለማያውቁት ሰውም ሲነግሩ ሰማኋቸው። «አልዋሸም» ይላሉ። «ዓሣውን ዋሽቷል፣ ጣሪያውን ግን አልዋሸም።» መኪናው ከመናኸሪያው ሲወጣ በመስኮት እጃቸውን አወጡልኝ። ከዚያ ወዲህ በሕይወት አላገኘኋቸውም።

በሚቀጥለው እሑድ ድንጋዬን አሰልፌ፣ ተራዬን ጠብቄ፣ ብቻዬን ወጣሁ። ጫፍ ስደርስ ግቢያችንን ወዲያው ለየሁት። ቆርቆሮዎቹ ከአንዱ ጥግ ተነሥተው ሌላው ሲደርሱ አንድ ክንድ ያህል ፈንገጥ ብለዋል፤ መሃል ላይ ሊያርሙት ሞክረው ይባስ አጣመውታል። ከዚያ የጠመመ ጣሪያ በሰፈሩ አልነበረም። አደይ አጠገብ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን አፌን አውቀዋለሁ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ እነግራቸው ነበር።